የሐጂ ደብተር፦ የአማካሪዎች ሥልጠና ማስታወሻ ከጅማ

መስከረም 20 ቀን 2017፣ ሰኞ

ስድስት ልጆች መጡ። ሰባተኛው ስልኩን ዘግቷል። ሁለቱ አካውንቲንግ፣ ሁለቱ ማኔጅመንት፣ አንዱ አይቲ፣ አንዷ ኢኮኖሚክስ የተማሩ ናቸው፤ ሦስቱ ሴቶች። ክፍላችን ፈረንጅ አራዳ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ናት። ዝናቡ ገና አልወጣም፤ ቆርቆሮው ሲንጫጫ እኛም እየጮህን ነው የምንነጋገረው።

ሥራው እስከ ገና ድረስ እነዚህን ልጆች ለሥራ አመራር አማካሪነት ማብቃት ነው። አንድ ድርጅት ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲሻገር አጠገቡ ቆሞ የሚያሻግር ሰው እንዲሆኑ ነው የምፈልገው። ገበያው አለ። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂ በ2012 ጸደቀ፣ ቴሌብር በ2013 መጣ፣ የፋይዳ መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕግ ሆነ። ለዚህ ሥራ የሚጠራው ባለሙያ ግን ብዙውን ጊዜ ጠዋት በአውሮፕላን ገብቶ፣ ሁለት ቀን አድሮ፣ ሪፖርቱን ከአዲስ አበባ የሚልክ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ብዙ ጊዜ አጅቤ ዞሬያለሁ፤ ቦርሳውንም ይዤለታለሁ።

ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ መሠረታዊ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ለልምምድ ፈቅዶልናል። ስሙን አልጽፍም፤ ቃል ገብቻለሁ። ወደ 600 አባላት፣ አንድ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቆለፈባቸው አራት ታብሌቶች አሉት። ታብሌቶቹን ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ፕሮጀክት አስረክቦ፣ ፎቶ ተነሥቶ ሄደ። ለልጆቹ የሰጠኋቸው ቢጋር (የሥራ መመሪያ) አንድ መስመር ነው፦ ታብሌቶቹ ለምን ተቆለፈባቸው?

መስከረም 23፣ ሐሙስ

42 ስላይድ አቀረቡልኝ። ማኅበሩን ገና አላዩትም። ቀስት፣ ክብ፣ ደመና፣ በመጨረሻም የአምስት ዓመት ፍኖተ ካርታ። አንድም ገበሬ የለበትም። «ካርኒው ከሚዛን ተነሥቶ መዝገብ ላይ እስኪሰፍር በስንት ሰው እጅ ያልፋል?» አልኳቸው። ተያዩ።

አልተቆጣሁም፤ እኔም ከዚያው ቤት ነኝ። በቢፒአር (መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ) ዘመን በአንድ መሥሪያ ቤት «ነባሩ አሠራር» ብለን ግድግዳው ላይ 11 ሳጥን ለጠፍን፣ «አዲሱ አሠራር» ብለን ወደ 4 አወረድነው። ከተነሡት ሳጥኖች አንዱ የአንዲት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ጠረጴዛ ነበር። ሴትዮዋ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ። በሦስተኛው ወር ፋይል የሚያገኝ ሰው ጠፋ፤ አደራደሩን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩና። በሪፖርታችን ግን አገልግሎቱ ከሁለት ቀን ወደ 40 ደቂቃ ወርዷል። ጭብጨባም ነበር።

ዛሬ የተወራው ሌላ ወሬ ስለ አውሮፓው ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆቹ 2023 ባወጣው ሕግ መሠረት ቡና፣ ካካዎና ሌሎችም ምርቶች ወደዚያ ሲገቡ የበቀሉበት ማሳ መገኛ መቅረብ አለበት፤ ማሳው ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 (በእነሱው አቆጣጠር) በኋላ ደን ተመንጥሮ የተገኘ መሆን የለበትም። ሕጉ በዚህ የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ሊጀምር ነበር፤ ትናንት የኅብረቱ ኮሚሽን በአንድ ዓመት ይራዘም የሚል ሐሳብ አቅርቧል። አይቲው ልጅ «እፎይ!» አለ። እፎይታው አልገባኝም። የማሳው ሥራ እኮ ያው ነው።

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ከዛሬ ጀምሮ ውሏችን ጣቢያው ላይ ነው። ዘዴውን የወሰድኩት ከራሱ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው። የጤና ተማሪዎቹ በቡድን በቡድን ሆነው ወደ አጋሮ፣ ወደ አሰንዳቦ፣ ወደ ሸቤ እየወጡ ሕዝቡ መሀል ሲማሩ እያየን ነው ያደግነው። ሐኪም እንዲህ ከተማረ አማካሪ የማይማርበት ምክንያት የለም።

ኮምፒውተር አልያዝንም፤ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ብቻ። የዛሬው ሥራ አንድ ካርኒ መርጦ እስኪያርፍ ድረስ መከተል ነው። መዛኙ ኪሎውን ይጽፋል። አንዱ ቅጂ ለገበሬው፣ አንዱ ለገንዘብ ያዥ፣ አንዱ ጥራዙ ላይ ይቀራል። ገንዘብ ያዡ ይከፍላል። ማታ ጸሐፊው በፋኖስ፣ መብራት ካለም በመብራት፣ እያንዳንዱን ካርኒ በአባሉ ገጽ ላይ ይገለብጣል። የዕለቱ ድምር ደግሞ በሞዴል 19 ግምጃ ቤት ገቢ ይሆናል። የለቀማው ወቅት እንዳበቃ ስንት ፈረሱላ በስንት ብር እንደተሸጠ ታይቶ የትርፍ ክፍፍሉ የሚሰላው በዚያ የማታ መዝገብ ነው። የማኅበሩ ነገር ሁሉ እዚያ ላይ ነው የተንጠለጠለው፤ ካርኒው በተሳሳተ ገጽ ከሰፈረ የአንዱ ላብ የሌላው ትርፍ ይሆናል።

ልጆቹ መንገዱን በጥሩ ሁኔታ ሣሉ። አንድ ነገር ብቻ አመለጣቸው፤ ዝም አልኩ።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ያመለጣቸውን ራሳቸው አገኙት። መዛኙን ሁሉም «ሐጂ» ነው የሚላቸው፤ 19 ዓመት ሚዛን ላይ ቆመዋል። ካርኒውን ቆርጠው ከሰጡ በኋላ ከጋቢያቸው ሥር አንዲት ቅባት የጠጣች ደብተር አውጥተው አንድ መስመር ይጭራሉ። አንደኛዋ የአካውንቲንግ ልጅ ወዲያው ማስታወሻዋ ላይ «ከመዝገብ ውጭ የሚያዝ ሁለተኛ ደብተር፤ የማጭበርበር ሥጋት፤ መወገድ አለበት» ብላ ጻፈች። የኦዲት ትምህርቷን ጥሩ አድርጋ ይዛለች። «ሦስት ማታ አጠገባቸው ተቀመጪ፤ ምንም አትጠይቂ» አልኳት።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

ተቀመጠች። ዛሬ ማታ ወደ ጅማ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ነገረችን።

በዚህ አገር አንድ ሰው አንድ ስም ብቻ የለውም። መታወቂያው ላይ የሰፈረው አንድ ነው። ጎረቤቱ የሚጠራው ግን «አባ» ተብሎ በሚጀምረው ስሙ ነው፤ የጅማ ነገሥታት እነ አባ ጂፋር እንኳ በታሪክ የሚታወቁት በዚያ ነው። ሕፃን ልጅ ጆንያ ተሸክሞ መጥቶ ስም ሲጠየቅ የሚናገረው ቤት ውስጥ የሚሰማውን ነው። በዚያ ላይ ስማቸውም የአባታቸው ስምም አንድ የሆነ አባላት አሉ፤ በአንድ ጎጥ ብቻ አምስት ቆጥራለች። ጸሐፊው የሰማውን ይጽፋል። በአምናው መዝገብ አንድ አዛውንት በሦስት ገጽ፣ በሦስት ስም ሰፍረው አግኝታለች።

የሐጂ ደብተር ይህን የሚፈታ ነው። ከካርኒው ቁጥር ፊት ለፊት «ከወንዙ ማዶ፣ የባለ በቅሎው»፣ «የታችኛው፣ ሚስቱ ያመጣችው» ይላል። ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ጠብ ሲነሣ ደብተሯ ትጠራለች። ቁጥጥር ኮሚቴውም ያውቃታል። ሪፖርት ላይ ያልሰፈረችው አንድም ጠያቂ ጠይቋቸው ስለማያውቅ ነው።

ልጅቷ የጻፈችውን ሰረዘች። «ጋሼ፣ ቀድመው ያውቁ ነበር?» አለችኝ። ደብተር እንደሚኖር ገምቼ ነበር፤ ምን እንደሚል ግን አላወቅኩም። ሁልጊዜ አንድ ደብተር አይጠፋም።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ታብሌቶቹን ከቁም ሳጥን አወጣን። ሁለቱ ተነሡ፣ አንዱ ባትሪው አብጧል፣ አንዱ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ የለም። መተግበሪያው ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ስልክ፣ የትውልድ ዘመን፣ የማሳ ስፋት እየጠየቀ ነው የሚቀጥለው፤ አንዱን ካልሞሉለት ወደ ሚቀጥለው ገጽ አያልፍም። በሰዓት ለካነው። በካርኒ አንድ ገበሬ 50 ሰከንድ ይፈጅበታል። በታብሌቱ 2 ደቂቃ ከ50።

ሒሳቡን ልጆቹ ራሳቸው ሠሩት። ለቀማው ውሎ ሰው የሚመጣው ከ10 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ በደህና ቀን 130 ሰው። በካርኒ ሁለት ሰዓት አይሞላም። በታብሌት ስድስት ሰዓት ያልፋል። እሸት ቡና ደግሞ አይጠብቅም፤ በመጣበት ዕለት ካልተፈለፈለ ይቦካል፣ ከቦካ ታጥቦም አይድንም። የተቆለፈባቸው ለዚህ ነው። «ገበሬው ለቴክኖሎጂ ያለው ግንዛቤ ዝቅተኛ ስለሆነ» የምትለው ዓረፍተ ነገር ከረቂቁ ወጣች። እንዲያውም በሦስት ቦታ ነበረች።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

አይቲው ልጅ ኮቦ ቱልቦክስ በሚባል የመረጃ መሰብሰቢያ ሶፍትዌር ቀለል ያለ ቅጽ ሠራ። ኔትወርክ ባይኖርም ይመዘግባል፣ ሲገኝ ይልካል። የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ የአባል ቁጥር፣ ኪሎ፣ ማን አመጣው። ቁጥሩ ሲገባ ስሙና የሐጂ ምልክት ይወጣል፤ «ከወንዙ ማዶ» እንደተባለው ማለት ነው። ይህን ያሰበችው አካውንቲንጓ ናት። ሐጂ ደብተራቸውን ለሁለት ማታ አዋሷት፤ እሷም ጎጥ በጎጥ ገለበጠችው። ለሌላ ሰው ይሰጡ ነበር ብዬ አላስብም።

ለእያንዳንዱ አባል ባለ ቁጥር ካርድ እናዘጋጅ የሚል ሐሳብም ነበር። 40 አትመን ሞከርን። በሁለተኛው ቀን ይዞ የመጣው ዘጠኝ ሰው ነው። አባወራው ካርዱን ሳጥን ውስጥ ይቆልፋል፣ ቡናውን የሚያመጡት ሚስትና ልጆች ናቸው። ካርዱን ትተን ዝርዝሩን በጎጥ ከፋፍለን በላስቲክ አሽገን ሚዛኑ አጠገብ ሰቀልን። ርካሽ ነው፣ ያምራልም አይባልም።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ይህን ረዘም አድርጌ ልጻፈው፤ ከዚህ ሁሉ ሥራ ያላለቀልኝ እሱ ነው።

ሁላችንም የወደድነው ሐሳብ ነበር፦ ቡናው እንደተመዘነ ለአባሉ የኪሎው ልክ በስልኩ በጽሑፍ መልእክት ይድረሰው፣ በአፋን ኦሮሞ። ግልጽነት፣ ተጠያቂነት፤ ስላይዱ በራሱ ይጻፋል። ኮሚቴውም ወዶታል።

ከሊሙ የመጣችው ልጅ ሴቶቹ ወረፋ የሚጠብቁበት ጥላ ሥር ሦስት ቀን አብራቸው ዋለች። ቋንቋው የእናቷ ስለሆነ እኔ መቼም የማልሰማውን ሰማች። አንዲት እናት «መልእክቱ የሚደርሰው በማን ስልክ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። አባሉ ባል ነው፤ ስልኩም የባል ነው። ሴቲቱ 20 ኪሎ ተሸክማ ስትመጣ የሁለት የሦስት ኪሎውን ገንዘብ ለጨው፣ ለሳሙና፣ ለልጅ ደብተር ታስቀራለች። ባልም ያውቃል፤ ደግሞም አያውቅም። ቁርጥ ያለው ቁጥር ስልኩ ላይ ሲጮህ ግን ማወቅ ግድ ይሆንበታል።

ማታ ክፍላችን ውስጥ ጦፈ። አንዱ የማኔጅመንት ልጅ «ታዲያ ይሄ መደበቅ አይደለም ወይ? ለመደበቅ ነው እንዴ ሥርዓት የምንዘረጋው?» አለ። የሊሙዋ «ቡናውን ማን ለቀመው?» አለችው። አካውንቲንጓ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁን፣ 1321/2016ን፣ አነሣች፤ መረጃ ከመላኩ በፊት የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል አለች። ጥሩ ነው፤ የአንድ ጆንያ ቡና መረጃ ባለቤት ግን ማን ነው? የተመዘገበው ወይስ የተሸከመችው?

መልስ አልነበረኝም። የነገርኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማንኛውንም ሐሳብ ስታቀርቡ ማን እንደሚጎዳበት የምትጽፉበት መስመር ይኑራችሁ፤ ባዶ ከሆነ አልጨረሳችሁም። እንዴት ነው ታዲያ ይህን መስመር ሰባት ወንዶች ላሉበት ኮሚቴ የምታነብቡት? ካነበባችሁት ሴቶቹን አጋለጣችሁ።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ለኮሚቴው ያቀረብነው ሌላ ምክንያት ነው፤ እሱም እውነት ነው። ከ180 የአባላት ስልክ ደውለን 61ዱ ወይ አይሠራም ወይ የሌላ ሰው ነው። ስለዚህ መልእክቱ ለጊዜው ይቅር፣ ወረቀቱ ቡናውን ላመጣው ሰው ይሰጥ፣ አባሉ ድምሩን ማወቅ ሲፈልግ ቢሮ መጥቶ ይይ። ተስማሙ። አንደኛው የኮሚቴ አባል ሲወጡ ትከሻዬን ቸብ አድርገው ፈገግ አሉ፤ ምን እንደገባቸው አላውቅም።

እውነት ተናግረናል፤ ሙሉውን ግን አልተናገርንም። ልጆቹ ይህን ከእኔ ተማሩ፤ መማራቸው ደግ ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

የማሳ መገኛ ሥራ። የአውሮፓው ሕግ ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃዋል ይላል፤ በላይ ለሆነው ግን ዙሪያውን መለካት ግድ ነው። እዚህ ማኅበር 4 ሄክታር የሞላው አባል አላገኘንም። የመገኛው ቁጥር ከአስርዮሽ ነጥቡ በኋላ ስድስት አሃዝ ሊኖረው ይገባል። ቀላል ነው ብለን ሁለት ልጆችን በስልክ ጂፒኤስ ላክን፤ በሁለት ቀን 31 ነጥብ ይዘው መጡ። ካርታ ላይ ስናየው 31ዱም የቤት ጣሪያ ላይ ነው ያረፈው።

ለካ እያንዳንዱ ቤት «ቡና ሳትጠጡማ አትሄዱም» ብሎ አስቀምጧቸው፣ ነጥቡን እዚያው ረከቦቱ ሥር ወስደውታል። አንድ ገበሬ ደግሞ ሁለት ሦስት ቦታ ማሳ አለው፤ ከቤቱ የአንድ ሰዓት መንገድ የሚርቅም አለ። ስቀን ስናበቃ እንደገና ላክናቸው። በዚህኛው ዙር ቡናው ከሥራው በኋላ ሆነ።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ጥፋት፣ የእኛው። ጠዋት የዕለቱን የኪሎ ዋጋ ቅጹ ውስጥ አስገብተን ቆለፍነው። ከሰዓት ዋጋው ተጨመረ። ሐምሌ ላይ የምንዛሬው ነገር ከተለወጠ ወዲህ ገበያው እንዲህ ነው፤ በሞተር ብር ይዘው ጎጥ ድረስ የሚገቡ ሰብሳቢዎችን ለመቋቋም ማኅበሩ በቀን ሁለቴም ይቀይራል። ቅጹ ግን ለ43 ሰው በጠዋቱ ዋጋ መዘገበ። ያዳነን ካርኒው ነው፤ ሐጂ ትክክለኛውን ዋጋ በእስክሪብቶ ጽፈዋል። ወረቀቱ አንድ ሙሉ የለቀማ ወቅት ጎን ለጎን ይሂድ ያልኩትን «ድርብ ሥራ» ሲሉ የነበሩት ልጆች ዛሬ ምንም አላሉም። ዋጋውን ከቅጹ አወጣነው፤ ቅጹ ኪሎ ብቻ ይያዝ።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ትናንት በኒውዮርክ የአረቢካ ዋጋ በ1977 (በፈረንጆቹ) የተያዘውን ክብረ ወሰን አለፈ። ጣቢያው ላይ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። የሚመጣው ሰው ቀነሰ፤ ገሚሱ በየደጁ ለሰብሳቢ እየሸጠ ነው። ማኅበሩ ጥሬ ገንዘብ ዘግይቶበታል። ይህን ደግሞ የትኛውም ታብሌት አይፈታውም፤ ሪፖርቱ ላይ እንዲሁ ጻፉት አልኩ።

ሁለተኛው የማኔጅመንት ልጅ ባንክ ተቀጠረ፤ ሰኞ ይጀምራል። ደህና ደመወዝ ነው፤ መረቅነው።

ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ

የአውሮፓው ሕግ በአንድ ዓመት መራዘሙ ተረጋግጧል። የማሳ ነጥባችን 212 ደርሷል። ቅጹ በአማካይ 55 ሰከንድ ይወስዳል፤ ከካርኒው በአምስት ሰከንድ ይዘገያል። ትርፉ ማታ ላይ ነው፤ ጸሐፊው ሁለት ሰዓት ይገለብጥ የነበረውን አሁን በሃያ ደቂቃ ያመሳክራል። ልጆቹ «በፍጥነት» የምትለውን ቃል ከርዕሱ ለማውጣት ተከራከሩ፣ አወጡም።

ጥር 6፣ ማክሰኞ

የለቀማው ወቅት አልቋል። የመጨረሻውን ሪፖርት ልጆቹ ለኮሚቴው አቀረቡ፤ 9 ገጽ፣ በአፋን ኦሮሞ። ስላይድ አልነበረም፤ መብራትም አልነበረም። ሐጂ ከኋላ ተቀምጠው ሰሙ። ሲያልቅ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ታብሌቱ ላይ «የባለ በቅሎው» ተብሎ የተጻፈው ሰውዬ በቅሎውን ሸጧል፤ እንዴት ይለወጣል? አይቲው ልጅ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ አሳያቸው። በሦስተኛው ሙከራ ራሳቸው ለወጡት።

ካርኒና ቅጽ ስናመሳክር የማን እንደሆኑ ያልታወቁ 14 ካርኒዎች ቀርተዋል። ሁለት ልጆች ሐሙስ ከሐጂ ጋር ወደ ታችኛው ጎጥ ይወርዳሉ።